ሽማግሌ ከተላከ በኋላ

በእኛ ወንዶች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ለአንድ ሰሞን ወዳጅ ኮንዶም፣ ለራስህ ሴት ግን ነውር። ማን እንዳወጣው እንጃ። አትላንታ አብረውኝ ታክሲ የሚነዱት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያወሩት፤ እኔም እንደዚያ ነው የኖርኩት።

ከእጮኛዬ ጋር ስንጀምር ኮንዶሙ ከመኪናዬ አይጠፋም ነበር። እሷ ከከተማው ወጣ ብሎ ኬኔሶ የሚባል ቦታ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቤት እየተንከባከበች ትሠራለች፤ እኔ የምኖረው በሌላው ጫፍ፣ ሎረንስቪል ነው። የምንገናኘው ከሥራ በኋላ፣ ሁለታችንም ወገባችን ተቆርጦ ነው። ቢሆንም አልረሳም ነበር። ከዚያ ሽማግሌ ላክሁ። ሊቶኒያ የሚባል ሰፈር ያለው አጎቷ ቤት ሄደው፣ ለምነው፣ "እሺ፣ ልጃችንን ሰጥተናል" ተባለ። በዚያው ሳምንት ኮንዶሙን ተውኩት። እሷም ምንም አላለችም። ጉድ እኮ ነው! ሽማግሌዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ለስላሳ ስለጠጡ ደማችን የተመረመረ መሰለን።

ሰርጉ ሲቃረብ ፓስተራችን ቢሯቸው ጠሩን። "ልጆቼ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ሳታመጡ አላጋባችሁም፤ ደንባችን ነው" አሉን። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ በስንቱ ሰርግ ሚዜ ሆኛለሁ። በራሴ ሲመጣ ግን ልቤ ድንግጥ አለ። ከእሷ በፊት አብሬያት የኖርኩት ሴት ትዝ አለችኝ። እሷም በጊዜዋ "የራሴ ሴት" ነበረች፤ ከእሷም ጋር ኮንዶሙን ትቼው ነበር።

ክሊኒክ ደም የቀዳኝ ጥቁር አሜሪካዊ ጎልማሳ ነው።

"ኮንዶም ትጠቀማለህ?" አለኝ።

"ከማን ጋር?" አልኩት።

ሳቀ፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። "ወንድሜ፣ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ወንድ ሁሉ ይህንኑ ነው የሚመልስልኝ። እኔም ያው ነበርኩ" አለና መርፌውን አስገባ።

ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ስነዳ ከአውራ ጎዳናው የምወጣበት መንገድ ያልፈኛል፣ ተሳፋሪ ይጮህብኛል። ቢኖርብኝስ? ወደ እሷ አስተላልፌው ቢሆንስ? በምን ዓይኔ አያታለሁ? እሷ ስትደውል የምታወራው ስለ አዳራሽና ስለ ቬሎ ብቻ ነው። ምን አለባት፣ ታምነኛለች እል ነበር፤ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ውጤቱ ስልካችን ላይ የገባ ዕለት፣ ከሥራ ስትወጣ ወሰድኳትና አንድ ግሮሰሪ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። አብረን ከፈትነው። ሁለታችንም ነጻ ነን። "ተመስገን ጌታዬ!" ብዬ መሪውን በጥፊ መታሁት። ዞር ስል እሷ ታለቅሳለች። የደስታ ለቅሶ አይደለም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ምነው? ነጻ ነን እኮ!"

"ሽማግሌዎቹ ከመጡ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም" አለችኝ። "ካንተ በተለየሁ ቁጥር፣ ይዞኝ ይሆን እያልኩ።"

ክው አልኩ። "ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቂኝ? እኔ እኮ አምነሽኝ መስሎኝ..."

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ምን ብዬ? 'አታምኚኝም ማለት ነው' ብለህ ትተኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ነዋ!"

"ኧረ አልሄድም ነበር" ልላት አስቤ ተውኩት። እሄድ ነበር።