በእርሳስ የተጻፉት ዓመተ ምሕረቶች

የሥዕል መምህራችን የነበሩት መምህር በራሶ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዲላ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ከታመሙ ስለቆዩ ዜናው ዱብ ዕዳ አልሆነብንም። ስለ ደግነታቸው ብዙዎች ይናገራሉ። እኔ ግን እሳቸውን ለሚያውቁ ሁሉ መንገር ያለብኝ የራሴ ስሕተት አለ።

ብዙ የማይናገሩ፣ የተናገሩትንም የማይደግሙ ሰው ነበሩ። ዝናብ ማጥላት ሲጀምር ትምህርቱን አቋርጠው ከሩቅ በእግር የሚመጡትን ተማሪዎች ቀድመው ያሰናብቷቸው ነበር። የእኔ ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስለሆነ እስከ መጨረሻው እቀመጣለሁ፤ በዚህ እስከ ዛሬ ትንሽ ቅር ይለኛል። ከትምህርት በኋላ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋሉ። ዝናብ ያጠበውን የጎረቤት ሻይ ቤት ሰሌዳ ማንም ሳይጠይቃቸው ሲያድሱት አይቻለሁ። አንድ የሥራ ደንብ ነበራቸው፦ «ያመንኩበትን በቀለም፣ ያላመንኩበትን በእርሳስ።»

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ሠሩ። ታሪኩ በጊዜ ውስጥ ስለምትጓዝ አንዲት የኢዲዶ መንደር ልጅ ነው። ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ዋንዛ ዛፍ ይጣላሉ፤ ዛፉን ማን እንደተከለው ካልታወቀ መሬቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ልጅቷ የአጎቷን ሞተር አስነሥታ ትወጣለች። ሞተሩ ጭቃ ላይ በተንሸራተተ ቁጥር ወደ ሌላ ዘመን ይወስዳታል፤ አንዴ ወደ አያቷ፣ አንዴ ወደ ቅድመ አያቷ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ዛሬ። ማሳደድ አለበት፣ ጎርፍ አለበት፣ ያስቃልም።

ረቂቁን ይዘውልኝ መጡ። አማርኛ ስለማስተምር ፍርድ የማውቅ መስሏቸው ይሆናል።

«ይሠራል ወይስ አይሠራም? እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ።

«አይሠራም፣ ቲቸር» አልኳቸው። «የትኛው ዘመን ላይ እንዳለን አይለይም። ያው እንሰት፣ ያው ቡና፣ ያው ጎጆ ነው። በየገጹ አናት ላይ ዓመተ ምሕረት ይጻፉበት።»

«እሺ፣ አንተ ካልክ» ብለው ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር መጽሐፉን ወደ ድንኳኑ ይዘውት መጡ። «ልጆቹ ሊያሳትሙት ነው፤ እስቲ አንተ ጨርሰህ እየው» አሉኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ከኮንጋ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ የሟቹ የአጎት ልጅ፣ ከእጄ ወስደው ገለጡት። ማንበብ አይችሉም። በየገጹ ጣታቸውን ዛፉ ላይ ያሳርፉ ነበር።

«ይሄ ዋንዛው ገና ልጅ ነው» አሉ። ገለጥ አደረጉ። «እዚህ ጋ አርጅቷል፤ ይሄ ዛሬ ነው።» ደግሞ ገለጡ። «ውይ! እዚህማ የለም! ገና ሊተክሉት ነው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ።

ሞተሩን ስከተል ዛፉን አላየሁትም ነበር። ግንዱ እንደ ዘመኑ ይቀጥናል፣ ይወፍራል። መጽሐፉ እንከን አለው፤ ጎርፉ ይረዝማል፣ ሞተሩ ለምን ዘመን እንደሚያቋርጥም አንድም ቦታ አልተነገረም። ቢሆንም ከኮንጋ የመጡት ሽማግሌ አንድ ፊደል ሳያነቡ አንዴም አልጠፋባቸውም።

ከዚያ በየገጹ አናት ላይ ያሉትን ዓመተ ምሕረቶች አየሁ። እንዳልኳቸው አንድም ሳያስቀሩ ጽፈዋል። ሁሉም በእርሳስ ነው። አፈርኩ።

መምህር፣ ያኔ ስላልተከራከሩኝ አሁን እበሳጫለሁ፤ ከእርስዎ ይልቅ ግን በራሴ። ወይዘሮ አስቴርን አስፈቅጄ ላጲስዎን ከጠረጴዛዎ ላይ ወስጃለሁ። እስከ አሥራ ሁለተኛው ገጽ አጥፍቻለሁ፤ ቀሪውንም መጽሐፉን ለልጆችዎ ከመመለሴ በፊት እጨርሳለሁ። በሰላም ይረፉ፣ ቲቸር። ለጥያቄዎ መልሱ «ይሠራል» ነው፤ ይህን በቀለም ጽፌልዎታለሁ።