ሙሴ ያኒ የሰጡኝ አገር

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ነቀምት ውስጥ አንድ ክረምት ግሪክኛ ተማርኩ። አስተማሪያችን ሙሴ ያኒ የሚባሉ ጨርቅ ሻጭ ሽማግሌ ግሪክ ነበሩ፤ ያኔ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» እንለው ነበር። ተማሪዎቹ አምስት ነበርን። የአራቱ አባቶች ግሪኮች፣ እናቶቻቸው የወለጋ ሴቶች ነበሩ። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ አባቴ የአርጆ ሰው ነው። የገባሁት የቡና ነጋዴው የሙሴ ኮስታ ልጅ ማሪያ «ያለ እሷ አልሄድም» ስላለች ነው።

ያኔ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ሰማዩን ያጨልመው ስለነበር፣ ሙሴ ያኒ ከሱቃቸው ጓዳ ፋኖሱን በዘጠኝ ሰዓት አብርተው፣ የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ፣ መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ታሪክ፣ በመጨረሻ ተረት ይነግሩን ነበር። ስለ አቴና ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ኮረብታው ላይ ስላለው የነጭ ድንጋይ ቤተ መቅደስ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እጁን እያነሳ ሕግ ስላወጣበት ዘመን፣ ስለ ወይራው፣ ስለ ባሕሩ።

ክረምቱ ሲጋመስ ሙሴ ኮስታ መጡ። «ይህ ትምህርት ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንዳይረሱ ነው። ይህቺ ምን ትሠራለች?» አሉ፤ እንድሰማ ብለው በኦሮምኛ።

ሙሴ ያኒ «በፍልሰታ ፍቺ ማግስት ይምጡ» አሏቸው። «በግሪክኛ ሳትሰናከል ከተናገረች ትቆያለች። ካልሆነላት ትወጣለች።»

ቀኑ ደረሰ። ሙሴ ኮስታን ሳይ በቃሌ የያዝኩት ገጽ ሙሉ በሙሉ ጠፋኝ። ስለዚህ ቤት የምንጫወተውን እንቆቅልሽ በግሪክኛ ጠየቅሁ፦ «በር ሳይከፈትለት ከቤት የሚወጣ ማነው?»

«ድመት» አሉ ሙሴ ያኒ።

«አይደለም።»

«ሌባ ነዋ!» አሉ ሙሴ ኮስታ፤ እኔን እያዩ።

መልሱ ጭስ ነበር። የቆርቆሮ ቤት ሰዎች ጭስ በሣር ክዳን ውስጥ እየሰረገ እንደሚወጣ አላሰቡትም።

«አገር ስጡኝ!» አልኩ። ደንቡ ነው፤ እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር ይሰጣል።

«የወለጋዋን ቢላን ውሰጂ» አሉ ሙሴ ያኒ።

«ቢላ አክስቴ አለችበት፤ ምን ያደርግልኛል?»

«አርጆስ?»

«አርጆማ የአባቴ ነው! የራሴን ነው የሚሰጡኝ?»

«እንዳትቀበዪ!» አለች ማሪያ።

ሙሴ ያኒ መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ። አቴናን ሰጥቼሻለሁ።»

በእኛ ቤት አገር የተሰጠው ሰው ሄዶ ያየውን ያወራል። አወራሁ። ኮረብታውን ወጣሁ፣ ነጩን ድንጋይ ዳሰስኩ፣ አደባባዩ ላይ ከወንዶቹ እኩል እጄን አነሳሁ። የአቴና ሴቶች እጅ እንደማያነሱ ያኔ አልተነገረንም። አንድም ጊዜ አልተሰናከልኩም። ሙሴ ኮስታ ባርኔጣቸውን አነሱና «ትቆይ» ብለው ወደ ዝናቡ ወጡ።

አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ገበያ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ኢንታሊ ኮ፣ ልጄ፣ ሙሴዎቹን ረታች!» ሲል ሰነበተ። እኔም እኮራ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሜ ስጠይቅ ድምፄ ያልተንቀጠቀጠው ከዚያ ክረምት ወዲህ ይመስለኛል። ግሪክኛው ግን አብዛኛው ጠፍቶብኛል።

ሙሴ ያኒ ነቀምት ተቀበሩ። ታሪካቸውን ከዓመታት በኋላ የነገረችኝ ማሪያ ናት። የተወለዱት ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በሰምርኔስ ነው። ከተማዋ በግሪክና በቱርክ ጦርነት ስትቃጠል በመርከብ አምልጠው፣ በጅቡቲ በኩል ወለጋ ገቡ። አቴናን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም።