ገመቹ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ውስጥ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ የወንድሜን ልጅ ዳርን። ምሳ ተበልቶ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት አቶ ሽፈራው እንዲመርቁ ማይክ ተሰጣቸው። አቶ ሽፈራው በወጣትነቴ ያሠሩኝ ሰው ናቸው፤ ዛሬ አርጅተዋል፣ ማይክ ግን አሁንም ይወዳሉ። መርቀው ሲጨርሱ አልመለሱትም። ጣታቸውን ወደኔ ቀስረው «ይህችን የሙሽራውን አክስት ታያላችሁ?» ሲሉ ክው አልኩ። ምን ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ። በየሰርጉና በየለቅሶው ሲያወሩት ኖረዋል።

«ለዓይነ ስውር ጓደኛዋ ስትል፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋቱን በራሷ ላይ የወሰደች ልጅ ናት!»

ተጨበጨበ። አንዷ ሚዜ እንባዋን ጠረገች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀርቅሬ ላቤ ይወርዳል። ነገሩ እንዲያ አልነበረምና።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። አቶ ሽፈራው ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ሰውና ዕቃ የሚያመላልስ የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ቢሯቸው መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ከመቂ ሽንኩርት የሚልክ፣ ከባቱ ዓሣው ሳይበላሽ ይድረስልኝ የሚል፣ ከአርሲ ነገሌ ለልጁ ድንች የሚጭን፣ ሁሉም እዚያ ይደውላል። የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይጠፋና ጭቅጭቅ ይነሣል። ስለዚህ የደዋዩን ስም፣ መነሻና መድረሻውን፣ የጫነውን ዕቃ የሚመዘግብ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንድሠራላቸው ቀጠሩኝ። የፕሮግራሙን ቃላት ወደ ኦሮምኛ እንዲመልስልኝ ደግሞ ገመቹን አመጣሁ።

ገመቹ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ እሱ ያጠናው ቋንቋ ነው። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጉራ የማይጠላ ሰው ነው። «ሊዱ፣ ዛሬ ጫማ ቀይረሻል፤ ከእርምጃሽ አወቅኩ» ይለኛል። ግማሹን ጊዜ ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም አያምንም። ከተመረቀ በኋላ ግን ሥራ አላገኘም። በወንድሙ ቤት የሰው እጅ እያየ መኖሩ ያንገበግበው ነበር፤ ቀልዱ የሚጠፋው ስለዚህ ስናወራ ብቻ ነው። ማኅበሩ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ስልክ ተቀባይ ሲፈልግ አቶ ሽፈራውን ለመንኳቸው። «በኮሚቴው ፊት ሠርቶ ያሳይ። ከሠራ ወንበሩ የሱ ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ገጽ ጠባብ ነበር። ቃሉ በግራ፣ መጻፊያው ሳጥን በቀኝ፣ ሁሉም በልክ የተቆረጠ። አማርኛው «መነሻ» ያለ ችግር ይገባል። ኦሮምኛው «በካ ካኡምሳ» ሲመጣ ግን መጨረሻው ተጎምዶ ቀረ። ገመቹ ሲሰማ ሳቀ። «ቃሌን እንደ ሱሪ ልቁረጥልሽ እንዴ?» አለኝ። ተኮራርፈን፣ ታርቀን፣ በመጨረሻ ቃሉን ከሳጥኑ በላይ አደረግነውና ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች በአንድ ተራ ወረደ። የሱ ቃል እንደልቡ ተዘረጋ። እኔም ቃል በተቀየረ ቁጥር ገጹን ማፍረስ ቀረልኝ። ደግሞም ገመቹ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም ነበረው፤ አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር ከሳጥን ወደ ሳጥን እየዘለለ መጀመሪያ ስሙን ይጠራለታል። አማርኛውን ያኔ ጨርሶ አያነብም ነበር። ኦሮምኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ እንደምንም ያነበዋል፤ ያውም እንደ ፈረንጅ። «ይሄ ሰውዬ ኦሮምኛ የተማረው ለንደን ነው» እያለ ያስቀኝ ነበር።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ ጥቂት ቀን ሲቀረው ገመቹ አገሩ ሄደ። «ባዶ እጄን አልቀርባቸውም፤ የእናቴን ጩኮ ላመጣ ነው» አለ። በስብሰባው ዕለት ጠዋት አቶ ሽፈራው በትከሻዬ በኩል አዩና «ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ግን የቀበሌ ፎርም መሰለብኝ። ትንሽ አስውቢው» አሉኝ። አስውቢው አሉ እንጂ ቃሉን አጥፊው አላሉም። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ። በቃላቱ ፋንታ ሥዕል አስገባሁ፤ ለመነሻው ሚኒባስ፣ ለዕቃው ጆንያ። እንዲህ ሲደረግ ከሥዕሉ ጀርባ ዓይን የማያየው፣ አንባቢው ፕሮግራም ግን የሚጠራው ስም መጻፍ ነበረበት። ሥዕሎቹ አምረውብኝ ረሳሁት። ሲያጌጡ ይመላለጡ ትል ነበር እናቴ።

ግንቦት ነበር፤ የአዳማ ንፋስ አቧራውን መስኮቱ ላይ ይበትነዋል። ገመቹ ከሚኒባስ ወርዶ፣ ጩኮ የሞላ ጣሳ በብብቱ ይዞ ገባ። የገብሱ ቆሎና የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞላው። «አካም ጅርቱ!» ብሎ ሁሉንም ሰላም አለ። ተቀመጠ። ከወዲያኛው ክፍል አንዱ ሾፌር የቡልቡላ ነጋዴ መስሎ ደወለለት። ገመቹ ስልኩን በትከሻው ደግፎ ቁልፉን ነካ።

«በተን» አለ ማሽኑ፤ በእንግሊዝኛ «መጫኛ» ማለቱ ነው፣ ስም ያጣበትን ሁሉ እንዲያ ይጠራዋል።

እንደገና ነካ። «በተን።» አሁንም «በተን።» ስም የለ፣ ምን የለ። ከኋላ አንዱ «ውይ ወንድሜን» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። የገመቹ ግንባር ተቋጠረ፤ ከዚያ ግራ እጁን ከፍ አደረገና፣ ረጋ ብሎ፣ «ቆዩ» አለ።

እኔ አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ ጮህኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው! ዛሬ ጠዋት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምንም አላጠፋም!»

በኛ አገር እንግዳ ብርጭቆ ቢሰብር ባለቤቷ «እኔው ነኝ አጉል ቦታ ያስቀመጥኩት» ትላለች። ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚልን ሰው ማንም አያምነውም፤ ጨዋ ነው ይባላል እንጂ። አቶ ሽፈራው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ትከሻዬን አቀፉኝ። «አሳዳጊሽ ይባረክ» አሉኝ። እውነት ነው ብዬ በማልኩ ቁጥር ይበልጥ ልባቸው ተነካ። ገመቹን «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ሌላ በር ይከፍትልሃል» አሉት። ሥዕሎቹን አስተካክዬ እንደገና ይሞክር ብዬ ብለምን «ተይ ልጄ፣ ሁለተኛ አናሳፍረው» አሉ። ከዚያ ጩኮው በሻይ ተበላ። ኮሚቴው ጣቱን እየላሰ እናቱን አመሰገነ። ገመቹም አብሮ በላ።

መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት። «ሥዕል አደረግሽው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ያምራል?»

«ያምር ነበር።»

«እንኳን አማረ» አለና ተሳፈረ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ገመቹ ብዙ ጊዜ በወንድሙ ቤት ከቆየ በኋላ አርሲ ነገሌ አስተማሪ ሆነ። እስከ ዛሬ እንደዋወላለን፤ ያን ቀን ግን አንሥተነው አናውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ግን መረረኝ። ማይኩን ከአቶ ሽፈራው እጅ ተቀበልኩ። «እግዜር ያክብርዎት፤ ግን እኔ የማንንም ጥፋት አልወሰድኩም። ያበላሸሁት ራሴ ነኝ» አልኩና አንድ በአንድ ተናገርኩ። አዳራሹ ከበፊቱ የባሰ አጨበጨበ። «ትሕትናዋን አያችሁ!» አሉ አቶ ሽፈራው።

በረንዳ ወጥቼ ለገመቹ ደወልኩለትና የሆነውን ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ሊዱ፣ ያን ቀን ቆዩ ማለቴ ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ሥዕሎቹ ስም ባይኖራቸውም ተራቸው ያው ነበር። ቃላቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ተራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከላይ ጀምሬ እየቆጠርኩ ነበር። አገኘው ነበር። ትንሽ ፋታ ነው የጠየቅኩት።»

ይህን ሁሉ ዓመት የወቀስኩት ያንን ሚኒባስና ያንን ጆንያ ነበር። ዛሬ ለምመራቸው ወጣት ፕሮግራም ሠሪዎችም «ለቃል ቦታ ተዉለት፣ ለሥዕል ስም ስጡት» እያልኩ ስንቱን ገጽ አስፈርሻለሁ። ወንበሩን ያሳጣው ግን ሥዕሉ አልነበረም። እጁን አንሥቶ ሳለ፣ ጸጸቴ እሱን ቀድሞ ተናገረ። ራሴን ለማቅለል ቸኩዬ ነበር። ከደቂቃዎች በፊትም አዳራሹ ውስጥ ያንኑ ደገምኩት።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ገና ስጀምር ይቅርታ እንደምትይ አውቃለሁ። ታዲያ የኔን ወሬ ማን ይጨርስልኝ?»

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ቆዪ» አለኝ።

ቆየሁ።