የእድራችን ሦስተኛ እጩ

ዛሬ ቂርቆስ፣ የእድራችን ምርጫ ላይ፣ እኔው ራሴ ለሊቀመንበርነት ለጠቆምኳቸው ሴትዮ እጄን ሳላወጣ ቀረሁ።

ጋሽ ታደሰና ጋሽ ገብሬ ስንት ዘመን ተፈራረቁብን! ማንኛቸውም ቢመሩ የእድሩ ድንኳን ማፍሰሱን አላቆመም።

እናም ብድግ ብዬ እትዬ ፋንታዬን ጠቆምኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

እጅ ሊወጣ ሲል ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ «ጎበዝ ናቸው፤ ግን ድምፃችን ከተከፈለ ገብሬ ይገባል።»

በቃ፣ ለጋሽ ታደሰ አወጣሁ። የእትዬ ፋንታዬ ስም ሲጠራ አንድም እጅ አልወጣም።

ስንወጣ አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ምን ይቅርታ አለው ልጄ? እኔም ለታደሰ ነው ያወጣሁት፤ ገብሬ እንዳይገባ ብዬ።»

እናንተ ሰፈር ሦስተኛ ሰው አሸንፎ ያውቃል? ክረምቱ ሳይገባ ንገሩኝ፤ ድንኳኑ አሁንም ያፈሳል።