ሁለተኛው መርፌ

ራጅ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ መኩሪያ ያስጨበጡኝ የማሽኑን ቁልፍ ሳይሆን አንድ እፍኝ ማካሮኒ ነበር። ያመመው ቦታ እንዲታወቅ በሽተኛው ቆዳ ላይ የምንለጥፈው ምልክት ካለቀ ሰንብቷል። ግዥ ክፍል «ይመጣል» ይላል። እሳቸው መጠበቅ አይወዱም፤ ጥናት ይወዳሉ።

ማካሮኒ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የቴምር ፍሬ፣ ሳንቲምና የወረቀት አግራፍ በሰው ገላ ፈንታ ውሃ በተሞላ ጀሪካን ላይ በፕላስተር ለጥፈን ራጅ አነሳን። ማካሮኒው ጨርሶ አልታየም። ቁልፉና የቴምሩ ፍሬ ለወጉ ያህል ብቅ አሉ። ሳንቲሙ ጎልቶ ታየ፣ ግን ከሥሩ ያለውን ሁሉ ሸፈነ። አግራፉ አሸነፈ።

አቶ መኩሪያ ግን ከፋቸው። «የቢሮ ዕቃ መሆኑን ሐኪሞቹ ካወቁ መሳቂያ መሆናችን ነው» አሉና አግራፉን በፒንሳ አቃንተው ቆራረጡት። ሪፖርት ጽፈው ማኅተም መቱበት። እኔም ፈረምኩ።

በሳምንቱ አዴ ፋጡማ የምትባል እናት ከጀልዴሳ መጣች። ጆንያ ስትሰፋ የወደቀባትን መርፌ ረግጣ ስባሪው ተረከዟ ውስጥ ቀርቷል። ያመማት ቦታ ላይ ምልክታችንን፣ ያንን የአግራፍ ቁራጭ፣ ለጠፍኩ። ከጎንም ላንሳት ስል አቶ መኩሪያ «ምልክት እያለ? አንድ ፎቶ ይበቃል» አሉኝ። ሐኪሙ ቦታውን እንዲያገኘው ብዬ ፕላስተሩን ሳልነቅል ከአቶ መኩሪያ ጋር ወደ እሱ ወሰድኳት።

ሐኪሙ እግሯን ትቶ ስክሪኑን አየ። «ሁለት ስባሪ ነው፤ ሁለት ቦታ እንከፍታለን» አለ።

አለቃዬን አየኋቸው። ጣሪያውን ያያሉ። ፊርማዬ ትዝ አለኝና እኔም ዝም አልኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አዴ ፋጡማ ግን ከአልጋው ቀና አለች። «አቦ፣ ሁለተኛው ከየት መጣ? ወላሂ የረገጥኩት አንድ መርፌ ነው!»

ሐኪሙ ሊያስረዳት ሲጀምር እግሯን አንስታ ፕላስተሩን ከነቁራጩ ላጠችና ለአቶ መኩሪያ ዘረጋችላቸው።

«እንካ፣ ይሄ ያንተ ነው። የኔን እሱ ያውጣልኝ።»

ተረከዟ አንድ ቦታ ብቻ ተከፈተ። አቶ መኩሪያ «ጥናቱ ተሻሽሏል» የሚል ሌላ ሪፖርት ጻፉ፤ የአዴ ፋጡማ ስም የለበትም። እኔ ከዚያ ወዲህ አግራፉን ክብ አድርጌ እጠመዝዛለሁ፣ ከፊትም ከጎንም አነሳለሁ፣ ምን እንደለጠፍኩም ለሐኪሙ እጽፋለሁ።

ምልክት ጎልቶ ቢታይ ብቻ አይበቃም። የምንፈልገውን ነገር መምሰል የለበትም።