የግንቡ አልቃሽ

አክስቴ ወይዘሮ የሻረግ ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ማረፋቸውን የምታውቋቸው ሁሉ ሰምታችኋል። ለቅሶው ላይም ብዙዎቻችሁ ደረታችሁን ስትደቁ አይቻለሁ። እንባችሁን አልነቅፍም፤ ንዴቴን ውጬ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

ከይጁቤ ማዶ አምባው ላይ ያለውን የጥንት ግንብ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ለአክስቴ ግን ዘመዳቸው ነበር። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አምባው ላይ ወጥተው በግድግዳው የበቀለውን ቁጥቋጦ ይነቅላሉ። «ሽማግሌ ቢደክም ፊቱን የሚያጥብለት ልጅ አያጣም» ይሉን ነበር።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ ለምሽጉ የሚሆን ድንጋይ ፈለገ። የተጠረበውን ማውረድ ይቀላል ብሎ የአገሩን ሰው በግድ እያሸከመ ግንቡን ያስፈርስ ጀመር። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ቁልቁለቱ መንገድ ላይ ተቀመጡና ሙሾ አወረዱ። በእኛ አገር ለቅሶ ያጋጠመው መንገደኛ በቅሎ ላይ ከሆነ ይወርዳል፤ ሸክም ከያዘም ያወርዳል። ተሸካሚዎቹ ድንጋዩን እያስቀመጡ አብረዋቸው ያለቅሱ ጀመር።

የጣልያኑ አስተርጓሚ እየጮኸ መጣ።

«ማን ሞቶ ነው አንቺ ሴትዮ?»

«አያቴ።»

«ሬሳው የታለ?»

«ይኸው፣ እነዚህ ልጆች ተሸክመውት አይደል!»

ገረፏቸው። በማግስቱ ጀርባቸው እንደቆሰለ ተመልሰው እዚያው ተቀመጡ። ተሸካሚውም እንደገና አወረደ። በመጨረሻ ጣልያኑ ታክቶት ድንጋዩን ከወንዝ ዳር ያስለቅም ጀመር፤ የግንቡ በርና የምሥራቁ ግድግዳ ተረፉ።

ጠላት ከወጣ በኋላ የተረፈውን ግድግዳ ማን አፈረሰው? እኛ! አንዱ ለአጥሩ፣ ሌላው ለቤቱ መሠረት፣ ሁሉም «የወደቀውን ነው ያነሣሁት» እያለ ወሰደው። ጣልያን በአለንጋ ያላስወረደውን እኛ በገዛ አህያችን አወረድነው። አፈርኩባችሁ፤ በራሴም አፈርኩ። አክስቴ ያን ጊዜ መንገድ ላይ አልተቀመጡም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «በጣልያን ጊዜ ባለቅስ ሸክሙን የሚያወርድ ሰው ነበር። አሁን ማን ያወርድልኛል?» አሉኝ።

ይህ ሳያንስ በቀብራቸው ዕለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች «እንዲህ ላሉ ሴት የድንጋይ መቃብር ይገባቸዋል፤ ከግንቡ በር ጥቂት ጥርብ እናውርድ» አሉ። አህዮቹንም አስመጥተው ነበር። ደሜ ፈላ። በቁማቸው ያስለቀሷቸው ሳይበቃ፣ በስማቸው ደግሞ በሩን ሊያፈርሱ! ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ አምባው በሚያወጣው መንገድ ላይ ተቀመጥኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ማንም ደፍሮ አላለፈኝም። ለጥቂት ጊዜ አብረውኝ ተቀመጡ፤ ከዚያም አንገታቸውን ደፍተው አህዮቹን መለሱ።

እትዬ የሻረግ ሆይ፣ መቃብርዎ አፈር ብቻ ነው፤ አንድም ድንጋይ አላስነካሁትም። በሩ እንደቆመ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ቁጥቋጦውን እኔ እነቅላለሁ። እርስዎ ይረፉ፤ መንገዱ ላይ እኔ ተቀምጫለሁ።