የወንድሜ ማጨጃ አራት ጎማዎች

ከቤታችን ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ወንድሜ የሠራው በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። ምላጩን አባቴ ፈትቶ፣ ቅባት ቀብቶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ቆጥ ላይ አስቀምጦታል። ውጭ የቀረው ወንድሜ «ሻሲ» የሚለው፣ አራቱን ጎማዎች አንድ ላይ የያዘው የብረት አጥንት ነው። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባቴ ወሬ ያስቀይራል። እኔ ዝም እላለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምተኛ ነኝ፤ ሰው ፊት ልናገር ስል ጉሮሮዬ ይዘጋል። ይህን የምጽፈውም ዝም ማለት ያልነበረብኝ አንድ ቀን ስላለ ነው።

የምንኖረው ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ከሚሄደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። መሬታችን ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ አባቴ ገብሱን ዘርቶ ሲጨርስ ማሳውን በማረሻ አግድም እየቀደደ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ውኃው ወደ ገደሉ የሚወርድበት ቦይ ነው። ፈሰስ ያልወጣለት ማሳ ነሐሴ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ኅዳር ላይ ገብሱ ሲደርስ ግን ፈሰሱ ከአገዳው ሥር ተደብቆ ለዓይን አይታይም። የሚያውቀው የረገጠው እግር ነው።

እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው ያረፈችው። ያሳደጉኝ አባቴና ታላቅ ወንድሜ ናቸው። ስምንተኛ ክፍል በጨረስሁበት ዓመት አባቴ ወገቡን ታመመና ጎንበስ ብሎ ማጨድ አቃተው። ድሮ ቢሆን ወንፈል ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እየዘፈነ ማሳውን በአንድ ቀን ይጨርሰው ነበር። አሁን ከመንደሩ ወጣት ግማሹ ዐረብ አገር ነው፣ ግማሹ ከተማ። ማጭድ የሚይዝ ስለጠፋ ትምህርቴን እዚያው ላይ አቆምሁ። ብቻዬን እስካጭድ ድረስ ግን የገብሱ ዛላ ይረግፋል። የኅዳር ደመና ደግሞ አይታመንም።

ወንድሜ ያኔ መካነ ሰላም ከተማ፣ አንድ ብየዳ ቤት ይሠራ ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይበይዳል። ገና ሙያውን እንደለመደ ለአባቴ የብረት አልጋ ሠርቶ አመጣለት። የብየዳ ቤቱ ወለል ልስልስ ያለ ሲሚንቶ ነው፤ የእኛ ቤት ወለል አፈር ነው። አልጋው ቤታችን ሲገባ ሦስት እግሩ መሬት ነካ፣ አንዱ አየር ላይ ቀረ። ድንጋይ አስደገፍንለት። ቤት የምጠርገው እኔ ስለሆንሁ ያን ድንጋይ በየቀኑ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ወንድሜ ስልኩ ላይ የድሮ የፈረስ ማጨጃ ሥዕል ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ከእንግዲህ አይጎነብሱም» አለው። አባቴ ሥዕሉን አገላብጦ አየና «ፈረሱ የት አለ?» ሲል ጠየቀ። ወንድሜ ሳቀ። «ፈረሱማ የእኛዋ ዳማ ናት።»

ዳማዋ ባዝራችን እኛው ቤት የተወለደች ናት። እናቷ ስትሞትባት የላም ወተት በጣቴ እያጠባሁ ያሳደግኋት እኔ ነበርሁ። ከእኔ በቀር ሰው ሲስባት ትገግማለች። ስለዚህ ማጨጃው ሲያልቅ የምመራው እኔ እንደምሆን ሳይነገረኝ አውቄዋለሁ።

ወንድሜ ሻሲውን ውስጡ ባዶ ከሆነው ከቱቦላሬ ብረት ሠራው። የኋላው ሁለት ጎማ ሲሽከረከር በጎን የተዘረጋውን ባለጥርስ ምላጭ ያመላልሰዋል። የፊቱን ሁለት ጎማ የያዘውን ዘንግ ግን መሐሉ ላይ ባለ አንድ ወፍራም ቡሎን ብቻ ነበር ከሻሲው ጋር ያገናኘው። የገበያ ቀን ነበርና ብየዳ ቤቱ ደጅ ላይ ሲሞክረው ሰው ከበበው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የፊቱ ዘንግ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘመም ዘመም አለ።

«ጠላ ቤት አድሮ ነው እንዴ የመጣ?» አለ አንዱ።

«ኧረ ደግፉት፣ ሊወድቅ ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅሁ። ወንድሜ ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ ጠቆረ። ከሰዓት በኋላ የዘንጉን ሁለት ጎን ከሻሲው ጋር በየደው። ከዚያ ወዲያ ማጨጃው መወዛወዝ አቆመ። ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ ያጨድንበት ቀን ጎረቤታችን ሼኹ መጡ። ማሳቸው ከእኛ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው፤ የሰፈሩን ልጆች ቁርዓን ያስቀራሉ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አባቴ አማተበ። ወንድሜ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ እኔ የዳማን ልጓም ያዝሁ። ገብሱ እንደ ምንጣፍ እየተነጠፈ ተኛ። አባቴ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ከኋላ ይከተለናል። አዝመራ ላይ ቀና ብሎ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ፈሰስ ላይ ስንደርስ «ጧ!» አለ። ሻሲው ከፊተኛው ዘንግ አጠገብ ተሰንጥቋል።

ወንድሜ ወደ ከተማ ወስዶ ስንጥቁ ላይ ብረት ደርቦ በይዶ መለሰው። በማግሥቱ እንደገና ተሰበረ፤ ከተደረበው ብረት አንድ ስንዝር እልፍ ብሎ። «ቁጭ ብዬ ነው ያከበድኩት» አለና ስብራቱን በሽቦ አስሮ፣ ከወንበሩ ወርዶ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

እኔ ልጓም ስለምይዝ ዞር እያልሁ ወደ ኋላ አያለሁ። የፊቱ ግራ ጎማ ፈሰስ ውስጥ ሲገባ የኋላው ቀኝ ጎማ ከመሬት ይነሣል። በሥሩ ብርሃን ይታያል። ብረቱ ሲጣመም ድምፅ ያሰማል፣ እንደሚያቃስት ሰው። እንዲህ ያለ ነገር የት እንዳየሁ ማሰብ አላስፈለገኝም። የአባቴ አልጋ ነው። ልዩነቱ አልጋው ቆሞ የሚውል መሆኑ ነው፤ ማጨጃው ግን በየፈሰሱ ሥር ድንጋይ የሚያደርግለት የለም። ያ የተሳቀበት ቡሎን የፊቱን ዘንግ ከመሬቱ ጋር እያዘነበለ ሥራውን ይሠራ ነበር። የበየደውን ቢፈታው አራቱም ጎማ መሬት ይነካል።

ያን ቀን ራት ላይ «ወንድምዬ» አልሁት።

«አቤት እታለም?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ወጥ ልጨምርልህ?» አልሁት።

ራት ላይ የተነሣው የፈሰስ ነገር ነበር። ወንድሜ «ለከርሞ ፈሰሱን ቢተዉትስ? ሜዳ ቢሆን እኮ አይሰበርም» አለ።

«ማሳዬን ለብረትህ ብዬ ውኃ ላስበላው?» አለ አባቴ። አልተቆጣም። ግን ማጭዱን ከግድግዳው አውርዶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ወንድሜ ይህን ሲያይ እንጀራውን ተወው።

በነጋታው ምሳ ይዤለት ብየዳ ቤት ሄድሁ። ሰማዩ በደጎሎ በኩል ጠቁሯል። ወንድሜ ከሁሉም የወፈረውን ብረት መርጦ ሻሲውን በመስቀል ቅርጽ እያሰረው ነበር። «አሁን ዝሆን ቢቆምበት አይሰበርም» ይላል። አብረውት የሚሠሩ ሦስት ሰዎች አሉ። ምሳውን አስቀምጬ አልሄድሁም፤ ቆምሁ። ቡሎኑን እያየሁ አፌን ከፈትሁ።

«እህትህ ልትናገር ነው መሰለኝ!» አለ አንዱ የብየዳ መነጽሩን ገፋ አድርጎ። «ዛሬማ በረዶ ይጥላል!»

ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። «ተይው፣ ልማዱ ነው። ምን ልትይ ነበር?»

«ምሳው እንዳይቀዘቅዝ» አልሁና ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ ሳልናገር የቀረሁትን ቃል በቃል እያልሁት ሄድሁ። መንገድ ላይ በደንብ ይወጣልኝ ነበር።

ማጨጃው ለሦስተኛ ጊዜ ማሳ ሲገባ ሻሲው አልተሰበረም። አንዱን ፈሰስ አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን። ብረቱ ከብዶ ስለነበር ዳማ በላብ ርሳለች፤ ደረቷ ላይ ያለው ጠፍር አረፋ ሠርቷል። «በርቺ የእኔ እናት» እላታለሁ። አራተኛው ፈሰስ ጠለቅ ያለ ነበር። የፊቱ ጎማ ጥልቅ አለ። ብረቱ እንደ ድሮው አላቃሰተም፣ አልታጠፈም። ማጨጃው እንዳለ በአንድ ጎኑ ተነሥቶ ዞረ። ፈረሷን ከግራና ከቀኝ ያቀፈው ረጅሙ የመጎተቻ ዘንግ ከጎን መታት። የፊት እግሯ ፈሰሱ ውስጥ ነበር።

ስትወድቅ ልጓሙን አለቀቅሁም። አብሬ ወደቅሁ።

ወንድሜ ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ሻሲውን ነበር። ደህና ነበር። ከዚያ የዳማን እግር አየ፤ ከጉልበቷ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ሼኹ ከማሳቸው ደርሰው አጠገቤ ተቀመጡ። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉኝ፤ እሳቸው ራሳቸው እያለቀሱ። አባቴ አንድ መሣሪያ ያለው ሰው አስጠራ። እስኪመጣ ድረስ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ወደ ቤት እንድሄድ ነገሩኝ፣ አልሄድሁም። ሰውየው ሲመጣ ግን አባቴ በክንዴ ይዞ አነሣኝ። ጆሮዬን ብይዝም ተኩሱን ሰማሁት። በኋላ በበሬ ጎትተው ወደ ገደሉ ወሰዷት።

አባቴ ወንድሜን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ከቤት ደጃፍ ቁጭ ብለው ሳለ «ብረትህስ ጥሩ ነበር» አለው። ወንድሜ ያን ጊዜ ነው ፊቱን በሁለት እጁ የሸፈነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በዚያው ሰሞን የደሴን አውቶብስ ተሳፍሮ ሄደ፤ ከደሴም ወዲያ ሄደ። አሁን በረሃ አገር ሕንፃ ላይ ይበይዳል። እሑድ እሑድ ይደውላል። የአባቴን ወገብ ይጠይቃል፣ የእኔን ጤና ይጠይቃል። ስለ ማጨጃው አይጠይቅም።

አባቴ ከዚያ ወዲህ የሚያጭደው ተንበርክኮ ነው። ከአሮጌ ብርድ ልብስ የጉልበት መደገፊያ ሰፋሁለት። በየዓመቱ ያልቃል፣ በየዓመቱ እሰፋለሁ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የአልጋው እግር ብየዳው ለቀቀ። አባቴ «የወንድምሽ አልጋ ጣለኝ» ብሎ ሲስቅ ያን ድንጋይ እያየሁ እንባዬ መጣ። እሑድ ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ይዤ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄድሁ። ፊቱን ስለማላየው ይሆናል፣ ጉሮሮዬ አልተዘጋም። ስለ ጎማው፣ በሥሩ ስለሚታየው ብርሃን፣ ስለ ቡሎኑ ነገርሁት። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «አለህ?» አልሁት።

«አለሁ። የብረት መጋዝ ካገኘሽ ሁለቱን ብየዳ ቁረጪው። ቡሎኑን እንዳትነኪው።»

መጋዙን ሼኹ ከከተማ ተውሰው አመጡልኝ። ጥቂት ቀናት ፈጀብኝ፤ እጄ ውኃ ቋጠረ። ሼኹ ብረቱን ደግፈው «ስምንተኛ ክፍል እንዲህ ያስተምራል እንዴ? ልጆቹን ከቁርዓን ወደዚያ ልስደዳቸው መሰለኝ» ይላሉ። ሁለተኛው ብየዳ ሲቆረጥ የፊቱ ዘንግ ዘመም አለ፣ ልክ እንደዚያ የገበያ ቀን። አባቴ ድንጋይ አምጥቶ በአንዱ ጎማ ሥር አደረገ። መሬት ላይ ተኝቼ በየጎማው ሥር አየሁ። ብርሃን አይታይም።

በሚቀጥለው እሑድ «አራቱም ነክተዋል» አልሁት።

«እውነት?» አለ። ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ግን «ፈረስስ?» አለኝ።

«የለም።»

ከበስተኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማኛል። «እታለም» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያን ቀን ምሳ ይዘሽ ስትመጪ፣ ልትነግሪኝ የነበረው ይሄን ነው?»

«አዎ» አልሁት።

ስልኩ ከዚያ በኋላ ተዘጋ፤ እሱ ይዝጋው፣ ኔትወርኩ ይቋረጥ፣ አላወቅሁም። በማግሥቱ ጠዋት ማሳው ውስጥ አባቴ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስሮ ተንበርክኮ ነበር። ማጭዴን አንሥቼ ከጎኑ ያለውን ተርታ ያዝሁ።